ሞዴል አውሮፕላን የራሱ መደብና የራሱ ሜዳ ይኑረው

ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሬዲዮ የሚመሩ ሞዴል አውሮፕላኖች ከድሮን ተለይተው የራሳቸው መደብና የመብረሪያ ሜዳ እንዲወሰንላቸው ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የባለሥልጣኑ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምጽፈው ሞዴል አውሮፕላን በእጃቸው ሠርተው፣ በሬዲዮ እየመሩ የሚያበሩና ሲሰበርባቸው መልሰው ከሚጠግኑ ሰዎች አንዱ ሆኜ ነው። ቁጥራችን ብዙ አይደለም። አብዛኞቻችን ተማሪዎች፣ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያዎችና በአቪዬሽን ሙያ ለመሠማራት የሚመኙ ወጣቶች ነን። ከፎም የተሠራ፣ ካሜራ ያልተገጠመለትና ከአብራሪው ዓይን ርቆ መሄድ የማይችል አንድ ሞዴል አውሮፕላን ዛሬ የሚታየው በራሱ መንገዱን እያገኘ ብዙ ኪሎ ሜትር ከሚጓዝና ምስል ከሚያነሣ ድሮን ጋር በአንድነት ነው። ሁለቱን የሚለይ ግልጽ መደብ በእጃችን ስለሌለ፣ ሕግ አክብሮ ማብረር የሚፈልግ ሰው ፈቃድ የሚጠይቅበትን በር እንኳ ለይቶ ለማወቅ ይቸገራል። ባለሥልጣኑ ይህን መደብ እንዲያበጅልንና ቢያንስ አንድ ሜዳ እንዲወስንልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በቅድሚያ ስለ ጸጥታው ጉዳይ ልናገር፤ እሱን አልፎ የሚቀርብ ማንኛውም ጥያቄ ሚዛን አይደፋምና። አገራችን በቅርብ ዓመታት በጦርነት ውስጥ አልፋለች፣ ሰው አልባ በራሪ መሣሪያ ምን ጉዳት ማድረስ እንደሚችልም ሕዝባችን በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ አንድ የጸጥታ አባል ከራሱ በላይ ሞተር ሲያጓራ ሰምቶ ቀና ቢልና መሣሪያው የማን እንደሆነ አጥብቆ ቢጠይቅ ተግባሩን ነው የተወጣው። ድሮን ወደ አገር ለማስገባት አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ግዴታ መሆኑንም የምንቃወምበት ምክንያት የለንም። የምንለው፣ ቁጥጥሩ መሣሪያው በሚችለው ነገር ላይ ቢመሠረት ለጸጥታ አስከባሪውም ለዜጋውም ይበልጥ ይጠቅማል ነው።

ለመሆኑ ይህ መሣሪያ ምን ይችላል? ጀማሪ የሚማርበት የተለመደው ሞዴል ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ1 ሜትር እስከ 1.4 ሜትር የሚደርስ፣ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ኪሎ ግራም ብዙ የማይርቅ፣ ክንፉ ከአካሉ በላይ የተቀመጠ አውሮፕላን ነው። በውስጡ አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር ሰርኪዩት፣ የክንፉንና የጭራውን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች የሚያዝዙ እያንዳንዳቸው 9 ግራም ገደማ የሚመዝኑ ሰርቮዎች፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ሪሲቨር (የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበል ክፍል) እና ባለሦስት ሴል የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ይገኛሉ። ባትሪው በአንድ ቻርጅ ሞዴሉን አየር ላይ የሚያቆየው ለ10 ደቂቃ ያህል ነው። ጂፒኤስ የለውም፤ የት እንዳለ አያውቅም። አብራሪው ጣቱን ከሪሞቱ ላይ ቢያነሣ፣ ድሮን ባለበት ተንሳፍፎ ሲቆም ይህ ግን ወደ አንድ ጎን እያጋደለ ሄዶ በመጨረሻ መሬት ይመታል። ሬዲዮው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊደርስ ቢችልም ዓይን ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ ይሸነፋል። ክንፉ 1 ሜትር የሆነ አውሮፕላን 300 ሜትር ያህል ሲርቅ ወደ እኛ እየመጣ ይሁን ከእኛ እየራቀ መለየት ያዳግታል፤ ይህን መለየት ያልቻለ አብራሪ ደግሞ ሞዴሉን ማዘዝ አይችልም። ገደባችን እንግዲህ የራሳችን ዓይን ነው።

በዚያው የፎም አካል ላይ ካሜራና ጂፒኤስ ቢገጠም ነገሩ እንደሚለወጥ አንክድም። ያን ጊዜ መሣሪያው ድሮን ሆኗልና በድሮን ደንብ ይዳኝ። መለያው የመሣሪያው ቅርጽ ሳይሆን የተሸከመው ነገርና በራሱ መጓዝ መቻል አለመቻሉ እንዲሆን የምንጠይቀው ለዚህ ነው። አንድ የፖሊስ አባል ሜዳ ላይ ቆሞ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊፈትሸው የሚችለው መስፈርትም ይኸው ነው፤ ካሜራ አለው? አንቴናው የበዛ ነው? አብራሪው ሞዴሉን የሚመለከተው በዓይኑ ነው ወይስ በስክሪን?

ይህ ሥራ ጊዜ ማሳለፊያ ቢባልም ትምህርትነቱ ከባድ መሆኑን ለማሳየት አንድ ነገር በዝርዝር ማንሣት እፈልጋለሁ፤ እሱም የአዲስ አበባ አየር ነው። ከውጭ የሚመጡ የሞዴል አውሮፕላን ንድፎች በአብዛኛው ለባሕር ወለል አቅራቢያ የተሰሉ ናቸው። ከተማችን ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ፣ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል። ይህ ማለት፣ ክብደቱም ክንፉም ያው ሆኖ ሳለ፣ ሞዴሉ ሳይወድቅ ሊበርበት የሚችለው ዝቅተኛ ፍጥነት በ12 በመቶ ያህል ይጨምራል ማለት ነው። በሌላ አገር ቀስ ብሎ ተንሳፍፎ የሚያርፈው የጀማሪ አውሮፕላን እኛ ዘንድ ሲደርስ ይፈጥናል፣ ለማረፍም ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል። በነዳጅ የሚሠራ ትንሽ ሞተር ደግሞ የሚስበው ኦክስጅን ስለሚቀንስ ጉልበቱን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ይህ ችግር ባይኖርበትም ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ስስ ስለሚሆንበት የሚሰጠው ግፊት ይቀንሳል።

መፍትሔው በስሌት የሚገኝ ነው። ፕሮፔለሩን በአንድ ኢንች ያሳድጉታል፤ ሲያድግ ግን ሞተሩ ብዙ አምፔር ይጎትታል፤ ስለዚህ 30 አምፔር የሚችለው መቆጣጠሪያ እንዳይቃጠል ሞዴሉን መሬት ላይ አስረው፣ ሞተሩን በሙሉ ኃይል አስነሥተው የሚጎትተውን አምፔር በመለኪያ ያነባሉ። ወይም የክንፉን ስፋት ጨምረው ከአካሉ ክብደት ይቀንሳሉ። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የማንሣት ኃይል ከአየር እፍጋትና ከፍጥነት ስኩዌር ጋር ያለውን ዝምድና ለፈተና ሸምድዶ ሊያልፈው ይችላል። ያንኑ ቀመር ክንፍ ለመቁረጥ የተጠቀመበት ተማሪ ግን በቀላሉ የሚረሳው አይመስለኝም። ይህን የምለው ልጆቹን ስላየኋቸው ነው፤ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፣ ይከራከራሉ፣ ሰርዘው እንደገና ያሰላሉ።

ቁሳቁሱም ቢሆን የራሳችንን ብልሃት የሚጠይቅ ነው። በሌላው ዓለም የሞዴል ሠሪዎች ዋና እንጨት የሆነው ባልሳ እዚህ እንደልብ አይገኝም፤ ክንፍ እንዳይታጠፍ ውስጡ የሚገባው የካርቦን ዘንግም ውድ ነው። ስለዚህ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ታሽጎ ከሚመጣበት ነጭ ፎም ክንፍ ይቀረጻል፣ በስሱ የተሰነጠቀና የተላገ ቀርከሃም የካርቦኑን ቦታ ይይዛል። ቀርከሃው ጎንበስ ብሎ የመመለስ ባሕርዩ ለክንፍ እጅግ ተስማሚ ነው። ነጩ ፎም ሱፐር ግሉ ሲነካው ስለሚሟሟ የሚጣበቀው በነጭ የእንጨት ኮላ ነው፤ እሱም እስኪደርቅ ሌሊቱን መጠበቅን ይጠይቃል። ከውጭ የሚመጣው ጠንከር ያለ የሞዴል ፎም ደግሞ አፍንጫው መሬት መትቶ ሲጨማደድ የፈላ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ በፎሙ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን አረፋዎች በሙቀቱ ተነፍተው አፍንጫው በዓይናችን ፊት ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ስንጥቁ በኮላ ተይዞ፣ ላዩ በፕላስተር ተጠቅልሎ፣ ሞዴሉ እንደገና ይመዘናል፤ ከጥገና በኋላ ክብደቱ ወደ አፍንጫው ወይም ወደ ጭራው ማዘንበሉ አይቀርምና።

ባለሥልጣኑን ይበልጥ የሚመለከተው ደኅንነቱ ስለሆነ አሠራራችንን ልግለጽ። ከመነሣት በፊት ሞዴሉ በሁለት ጣት ከክንፉ ሥር ተደግፎ ይነሣል፤ የክብደቱ ማዕከል ከክንፉ ፊት ጠርዝ ጀምሮ ከክንፉ ስፋት ሩብ እስከ ሲሶ ባለው ቦታ ላይ ካላረፈ አይበርም። ማዕከሉ ወደ ኋላ ከሸሸ ሞዴሉ ከእጅ እንደወጣ አፍንጫውን ወደ ላይ ይሰቅልና ፍጥነቱን አጥቶ ይወድቃል። ቀጥሎ የሪሞቱ ኃይል ሆን ተብሎ ዝቅ ይደረግና አብራሪው ከሞዴሉ እየራቀ ሄዶ ጭራው ትእዛዝ መቀበሉን ያረጋግጣል። ከዚያም ሪሞቱ ሲጠፋ ሞተሩ ወዲያው መቆሙ ይታያል፤ ሬዲዮ ቢቋረጥ አውሮፕላኑ እየተገፋ ርቆ እንዳይሄድ የሚያደርገው ይህ ቅንብር ነውና፣ ሳይፈተሽ የሚነሣ ሞዴል በመካከላችን ቦታ የለውም።

ባትሪው የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። አንድ ሴል ከ4.2 ቮልት በላይ አይሞላም፣ ከ3 ቮልት በታችም ወርዶ እንዲደክም አይተውም፤ ለቀናት የሚቀመጥ ከሆነ 3.8 ቮልት አካባቢ ሆኖ ይቀመጣል። ቻርጅ የሚደረገው ሰው አጠገቡ ባለበት፣ ብዙዎቻችን ዘንድ በሸክላ ድስት ውስጥ ሆኖ ነው፤ ያበጠ ወይም የተቀጠቀጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ዳግም ሥራ ላይ አይውልም። የሊቲየም ባትሪ በስልክና በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ሆኖ በየቤቱ ገብቷልና፣ ይህን ጥንቃቄ ከልጅነቱ የተማረ ትውልድ ማፍራት ለአገር የሚጎዳ አይመስለኝም።

ሌላው ጉዳይ ወፍ ነው። በከተማችንና በዙሪያዋ ጭላትና አሞራ ብዙ ነው፤ ጭላት ሞዴሉን እንደ ሌላ ወፍ ቆጥሮ ከላይ ሊወርድበት ይችላል። ለዚህም አብራሪው ዓይኑን ከሞዴሉ ሳይነቅል አጠገቡ የቆመ ሌላ ሰው ሰማዩን በሙሉ ይቃኛል፤ ወፍ ወይም እውነተኛ አውሮፕላን ካየ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል፣ አብራሪውም ዝቅ ብሎ ያርፋል። እውነተኛ አውሮፕላን ምንጊዜም ቅድሚያ አለው።

እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ግን ቦታ ከሌለው ዋጋ የለውም። ቦሌ ኤርፖርት ከከተማው ጋር ተያይዞ የሚገኝ በመሆኑ አዲስ አበባ ውስጥ ሰማዩ የመንገደኛ አውሮፕላኖች መንገድ ነው፤ በዚያ መግባት ቀርቶ መቅረብም አንፈልግም። ወደ ቢሾፍቱ የአየር ኃይሉ ሠፈር አለ። ስለዚህ ወጣቶቹ የእግር ኳስ ሜዳ ዳር፣ ያልተገነባ መሬት ወይም የግጦሽ መስክ እየፈለጉ በየጊዜው ቦታ ይለዋውጣሉ፤ አንድ ቦታ ስላልረጉም ስለ እነሱ ማንም ኃላፊ ሊሆን አይችልም። ከሁሉም ይልቅ አሳሳቢው ይህ ይመስለኛል። የሚታወቅ ሜዳ ያለው ሰው ተቆጣጣሪም፣ መምህርም፣ የሚያርመው ባልደረባም ያገኛል፤ ሜዳ የሌለው ግን ብቻውን ተሸሽጎ ይማራል።

የቦሌ ማኮብኮቢያዎች በግምት ከምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ ወደ ምዕራብ ደቡብ ምዕራብ የተዘረጉ በመሆናቸው፣ ከእንጦጦ ተራራ ባሻገር ያለው የሱሉልታ አቅጣጫ ለጥናት ሊበጅ ይችላል ብለን እናስባለን። ቦታው ከአዲስ አበባ ይበልጥ ከፍ ያለ መሆኑ አየሩን ይበልጥ ቢያሳሳውም መስኩ ሰፊ ነው። ውሳኔው ግን የአየር ክልሉን ካርታ የያዘው ባለሥልጣን ነው። የሚያስፈልገን የማረፊያ መሬት 150 ሜትር በ30 ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ በዙሪያው ቤት፣ አውራ ጎዳናና የኤሌክትሪክ ምሰሶ የሌለበት እስከ 300 ሜትር የሚደርስ ባዶ መስክ ከኖረ የቀረውን እኛ እናሟላለን። ከአካባቢው አስተዳደርና ከገበሬዎቹ ጋር ተስማምተን፣ የግጦሹን ሰዓትና የሰብሉን ወቅት አክብረን እንበራለን። ለነገሩ ለሞዴል የሚመቸው ሰዓት በበጋ ጠዋት ነፋሱ ሳይነሣ በፊት ስለሆነ፣ ክረምቱን ሙሉ መሬቱን የምንፈልግበት ምክንያት የለም።

የመለዋወጫው ጉዳይም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ከመካከላችን አንድ ወጣት ከውጭ ያስመጣቸው ሰርቮዎች፣ አንድ ሞተርና ጥቂት ፕሮፔለሮች አንድ መሥሪያ ቤት ደርሰው ቆሙ። ሠራተኞቹ በትሕትና ነው ያስተናገዱት፤ ችግሩ ዕቃው ከየትኛው ምድብ እንደሚገባ የሚነግራቸው ጽሑፍ አለመኖሩ ነበር። አንዱ ወደ ሌላው መራው፣ ሌላው ደብዳቤ እንዲያመጣ ጠየቀው፣ ደብዳቤ የሚጽፍለት አካል ግን አልተገኘም፤ በመጨረሻ ልጁ ዕቃውን ትቶ ሄደ። ያው ሰርቮ የትምህርት ቤት ሮቦት ክንድ ውስጥ የሚገኝ ነው። ባለሥልጣኑ የሞዴል አውሮፕላንን ምንነት በአንድ ገጽ መመሪያ ቢገልጸው፣ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች የሚመሩበት ሰነድ ያገኛሉ፣ እንዲህ ያለው መጉላላትም ይቀራል።

ሌሎች አገሮችም ይህን ጥያቄ አስተናግደውታል። አሜሪካ ውስጥ ለመዝናኛ የሚያበር ሰው ከ250 ግራም በላይ የሆነ ሞዴል ካለው ይመዘገባል፣ ክፍያ የሌለው አጭር የደኅንነት ፈተና ይወስዳል፣ ቁጥጥር በማይደረግበት የአየር ክልል ከ400 ጫማ ማለትም ከ120 ሜትር በላይ ሳይወጣ በዓይኑ እየተከተለ ያበራል፤ የታወቁ የክለብ ሜዳዎችም የተለየ ዕውቅና ተሰጥቷቸዋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የሰው አልባ በራሪዎች ደንብ፣ አባል አገሮች ለሞዴል አውሮፕላን ክለቦች በክለቡ አሠራር መሠረት ለብቻው ፈቃድ እንዲሰጡ የሚያስችል አንቀጽ አስገብቷል። የአሜሪካ ሞዴል ሠሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1936 የተቋቋመ ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽንም ሞዴል አውሮፕላንን እንደ አንድ ስፖርት ያወዳድራል። ሁሉንም እንዳለ እንገልብጥ አልልም፤ የእኛ ሁኔታ ጠበቅ ያለ ቁጥጥር ይጠይቅ ይሆናል። ከእነሱ የምንወስደው ዋናው ነገር ክለቡን የኃላፊነት ተሸካሚ ማድረጋቸውን ነው።

አገራችን በዚህ ረገድ ከባዶ አትነሣም። «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር መሪነት ኢትዮጵያውያን ተሳትፈውባት እዚሁ አገር ተሠርታ በረረች፤ በጣሊያን ወረራ ተወስዳ ከቆየችበት አገርም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ተመልሳ ገብታለች። አውሮፕላኗ ስትመለስ ስንቱ ወጣት ስለ እሷ ጠይቆ እንደነበር አስታውሳለሁ። የእሷን ሞዴል በትክክለኛ መጠኑ ቀንሶ ሠርቶ በሬዲዮ ማብረር፣ የክንፏን ቅርጽ፣ የጭራዋን ልክና የክብደቷን ክፍፍል ከፎቶግራፍና ከሰነድ አጥንቶ ማውጣትን ይጠይቃል፤ ለታሪክ ተማሪም ለምሕንድስና ተማሪም ከዚህ የተሻለ የጋራ ሥራ አይታየኝም። የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ተቋም በአህጉሩ ደረጃ አብራሪና ቴክኒሻን በሚያሠለጥንበት ከተማ፣ አንድ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ክንፍ ቀርጾ የሚሞክርበት ሕጋዊ ሜዳ አለማግኘቱ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ባለሥልጣኑ የሚከተለውን እንዲመለከትልን እንጠይቃለን። ካሜራ፣ ጂፒኤስና በራሱ የሚመራበት ሥርዓት የሌለው፣ ክብደቱ ለምሳሌ ከ2 ኪሎ ግራም የማይበልጥ፣ አብራሪው በዓይኑ እያየ የሚያበረው ሞዴል በአንድ መደብ ይታቀፍ። የሚበርበት ከፍታ ከ120 ሜትር እንዳይበልጥ፣ ባለሥልጣኑ ካመነበትም ከዚያ ዝቅ እንዲል ይወሰን። እያንዳንዱ ሞዴል የባለቤቱ የምዝገባ ቁጥር ይለጠፍበት፤ አብራሪውም የክለብ አባል ይሁን፣ ክለቡ የፈተነበትን ማስረጃ ይያዝ፤ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ኃላፊነት ከሚወስድ አዋቂ ጋር ካልሆነ አያብር። ሜዳው በተወሰነው ቀንና ሰዓት ብቻ ይከፈት፣ የበረራ መዝገብ ይኑረው፣ የጸጥታ አካላትም በፈለጉት ጊዜ ገብተው ይፈትሹት። ይህን ሁሉ በሙሉ አገር ከመጀመር ይልቅ በአንድ ሜዳ ለአንድ የበጋ ወራት በሙከራ ማየት የሚቻል ሲሆን፣ ውጤቱ ካላረካ ፈቃዱን ማንሣት የባለሥልጣኑ መብት ነው።

የደኅንነት ደንባችንን ረቂቅ፣ የቅድመ በረራ ፍተሻ ቅጹንና የሞዴሎቻችንን ዝርዝር ከነክብደታቸው አዘጋጅተን እንጠብቃለን። ባለሙያዎቻችሁ ፈቃዳቸው ከሆነ ሞዴሎቹን ወደ ቢሯችሁ አምጥተን፣ ባትሪያቸው ተነቅሎ፣ ውስጣቸው ተከፍቶ እንዲታዩ እናደርጋለን፤ ባለሥልጣኑ በመረጠውና ለአንድ ቀን ብቻ በፈቀደው ቦታም በባለሙያዎቻችሁ ፊት አብርረን እናሳያለን። ለዚህ ቀጠሮ የሚይዝልን የሥራ ክፍል እንዲገለጽልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሞዴል አውሮፕላን ሠሪ
አዲስ አበባ